በሩፋኤል ቀን የጎደለው ዝናብ

ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩት ቆይቷል። አንድ ገጽ ጽፌ ሳምንት አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ አውጥቼ ሦስት መስመር እጨምርበታለሁ። የምትቸኩሉ አንባቢዎች ካላችሁ ታገሡኝ። የምነግራችሁ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ያለውን ብቻ። ግን በዚያ ቀን የሰባት ቤት ሰው ነፍስ በአንዲት የመስታወት መስፈሪያ ላይ ቆማ ነበር፤ መስፈሪያዋም በእኔ እጅ ነበረች።

ስሜ ስንዱ ነው። ያኔ፣ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ አስተምር ነበር። ባለቤቴ አለማየሁ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ያርሳል፤ ከእርሻው ጎን ደግሞ የዝናብ መዝጋቢ ነበር። በጓሯችን በሽቦ የታጠረች ጠባብ ቦታ አለች፤ በመሀሏ አፈ ሰፊ ቆርቆሮ ተተክላለች። የሚዘንበው በዚያ አፍ ገብቶ ከውስጥ ባለው ጠርሙስ ይጠራቀማል። አለማየሁ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጠርሙሱን አውጥቶ ውሃውን መስመር በተሰመረባት የመስታወት መስፈሪያ ይሰፍራል፤ ስንት እንደሞላ በቅጽ ላይ ይጽፋል። ቅጹ በወር አንድ ጊዜ ወደ ማርቆስ ይወርዳል። እዚያ ከሌላው አካባቢ ቁጥር ጋር ተደምሮ ትንበያ ሆኖ በሬዲዮ ይመለሳል። «የምትሰሙት ትንበያ ውስጥ የእኔም ጠብታ አለችበት» እያለ ይኮራ ነበር። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወር እንኳ ሰዓቱን ጠብቆ ይወጣል። ሰው ሲስቅበት «ምንም አልዘነበም ማለትም እኮ ቁጥር ነው» ይላል።

በአንድ መስከረም መጨረሻ በሳንባ ምች ታሞ በሰባት ቀን ውስጥ ሞተብኝ። ልጅ አልነበረንም። እናቱ እማማ የሻረግ ከቀብር ሲመለሱ ወደዚያች የታጠረች ቦታ በከዘራቸው እያመለከቱ «ልጄን የበላችው ያቺ ናት። በየጠዋቱ ብርድ ውስጥ እያወጣች» አሉ። ከዚያ በኋላ ደጄን አልረገጡም። እኔ ግን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከለቅሶው መሀል ተነሥቼ ወጣሁና ለካሁ። ለሳይንስ ብዬ አልነበረም። በዚያ ሰዓት እሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ሆኖ ማየት ስላልቻልኩ ነው።

የእማማ የሻረግ ቤት ከተረተሩ ሥር ካሉት ሰባት ቤቶች አንዱ ነው። ተረተሩ ከላይ የግጦሽ ሣር፣ ከጎኑ ባሕር ዛፍ ያለው ቀጥ ያለ ዳገት ነው። አለማየሁ ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ የዘነበ ጊዜ፣ ከላይ ግጦሹ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። ያን ጊዜ በሦስቱ ቀን የሞላው አሥራ አምስት መስፈሪያ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ስንጥቁ በአፈርና በሣር ተሸፈነ፤ ሰውም ረሳው። አለማየሁ ግን በግል ደብተሩ አንድ መስመር ጽፎ አሳየኝ፦ «በሦስት ቀን ሃያ መስፈሪያ ከሞላ፣ ከተረተሩ ሥር ሰው መዋል የለበትም።»

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ።

አለማየሁ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ነሐሴ ሲጋመስ ሰኢድ የሚባለው የግብርና ባለሙያ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሕዝቡን ሰብስቦ የክረምቱን መውጫ ትንበያ አነበበ። ሰኢድ የወሎ ልጅ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ሰው ይወደዋል። ወረቀቱ ዝናቡ በወቅቱ ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ እንደሚወጣ፣ ገበሬው ድንቹን ለማውጣት ገብሱንም ለማጨድ እንዲዘጋጅ ይላል። ሰው ተደሰተ። ወዲያው ስለ ማጨጃው፣ ስለ ወንፈሉ ጨዋታ ተነሣ፤ ስብሰባው በሳቅ ተበተነ።

ጳጉሜ አንድ ቀን ጠዋት አምስት መስፈሪያ ለካሁ። ጳጉሜ ሁለት ስድስት። አሥራ አንድ። «ትንበያው እኮ ይወጣል ብሏል» ብዬ ራሴን አረጋጋሁ።

በሦስተኛው ቀን ሌሊት ዝናብ የሰማሁ መሰለኝ። ግን አለማየሁ ከሞተ ወዲህ ጆሮዬን አላምነውም ነበር። የእግር ኮቴ እሰማለሁ፣ የበር ሳንቃ ሲነሣ እሰማለሁ፤ ተነሥቼ ሳይ የለም። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በካፊያ ውስጥ ወጥቼ ጠርሙሱን ሳነሣና ከታች ጥቂት ውሃ ብቻ ሳገኝ አልተገረምኩም። ግማሽ መስፈሪያ። «ይኸው፣ እየወጣ ነው» አልኩ። ደስ አለኝ። ቅጹ በፈረንጅ ቀን የሚሞላ ስለሆነ የፈረንጁን ቀን አይቼ በጎኑ ግማሽ ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

ያን ጊዜ ከመንገዱ የልጆች ጩኸት ሰማሁ። ልብሳቸውን ጥለው በካፊያው እየዘለሉ «ሩፋኤል! ሩፋኤል!» ይላሉ።

እስክሪብቶዬ በእጄ ቀረ። ጳጉሜ ሦስት ነው። ሩፋኤል ነው። በፈረንጅ ቀን ስቆጥር ከርሜ ቀኑን ረስቼዋለሁ።

የሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጸበል መሆኑን ለአገሬ አንባቢ አልነግረውም። ልጅ ይታጠብበታል፣ ሊጥ ይቦካበታል፣ በሽተኛ ይጠጣዋል። ከሁሉ የሚመረጠው መሬት ያልነካው ነው፤ በእኛ ቀበሌ ደግሞ መሬት ሳይነካ፣ ከጣሪያም ሳይወርድ የሚጠራቀም ውሃ የአለማየሁ ጠርሙስ ብቻ ነው። እሱ በየዓመቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጀመሪያ ይለካል፤ ከዚያ ጆግ ይዞ በየቤቱ ያከፋፍላል። በዚህ ዓመት ግን የሚያከፋፍል አልነበረም። ጎንበስ ብዬ አጥሩን አየሁት። መዝጊያውን የማስርበት ሽቦ በእኔ አስተሳሰር አልታሰረም። በጭቃው ላይ የሴት ጫማ ዱካ አለ።

ነጠላዬን እንኳ በደንብ ሳልደርብ ወደ ጎረቤቴ ወደ እትዬ ብርቄ ሮጥኩ። መስፈሪያዋን ይዤ ነው የሄድኩት።

ብርቄ በሩ ላይ ስታየኝ ቀላች። «ውይ እቴ፣ አወቅሽብኝ?»

«ብርቄ፣ ውሃውን ወስደሻል?»

«ምን ላድርግ? ጥቁር ለብሰሽ፣ አጥርሽን አስረሽ! የሐዘንተኛ ደጅ በማለዳ ጸበል ስጪኝ ብዬ ላንኳኳ? ላላስጨንቅሽ ብዬ እኮ ነው ንጋት ላይ ዘው ብዬ የቀዳሁት። ደግሞ አልሰረቅሁም፤ ትንሽ ትቼልሻለሁ።»

«ስንት ነበረ? ጠርሙሱ?»

«ኧረግ! ጠርሙሱማ ሞልቶ ወደ ቆርቆሮው ፈሶ ነበር እኮ። እንደዚህ ያለ ሩፋኤል አይቼ አላውቅም። አለማየሁ ከላይ ሆኖ ላከልን አልኩ።»

በዚያው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ብርቄ ደነገጠች። ያን ጊዜ ስለ ሃያው መስፈሪያ ነገርኳት። የጸበሉ ነገር ሐዘኔን የቀሰቀሰብኝ መስሏት ነበር፤ ቁጥሩን ስትሰማ ግን ጆጓን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «በይ ስፈሪ» አለችኝ።

የቀራት ሦስት መስፈሪያ ሆነ። ከሁለቱ ቀን አሥራ አንድና ከዛሬው ግማሽ ጋር አሥራ አራት ተኩል።

«ሌላውን የት አደረግሽው?»

«ለመሪጌታ አንድ ጣሳ። ለአያሌው ሚስት አንድ ጣሳ። ለእማማ የሻረግ...» ፊቷን ወደ ተረተሩ አዞረች። «ለእሳቸው ሁለት ጣሳ ሞልቼ። የልጃቸው ውሃ ነው ብዬ።»

ተነሥተን ወደ መሪጌታ ሄድን። መሪጌታ ልሳነወርቅ ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ጉብታ ላይ ድጓ የሚያስተምሩ፣ ቀልድና ቁጣቸው የማይለይ ሽማግሌ ናቸው። ጸበሉ በቅል ሆኖ ከራስጌያቸው ተሰቅሏል። ልስፈረው ስላቸው ቅንድባቸውን ሰቀሉ።

«ጸበል ይጠጣል፣ ይረጫል። በመስታወት ይሰፈራል የሚል የት አየሽ?»

«መሪጌታ፣ ይቆጡኛል እንጂ...»

«አልተቆጣሁም፤ ጠየቅሁ እንጂ። ምን ሊሆንሽ ነው?»

ነገርኳቸው። ሳይመልሱ ቅሉን አወረዱና በገዛ እጃቸው በመስፈሪያዋ ጨመሩት፤ አንዲት ጠብታ እንዳትፈስ እየተጠነቀቁ። ሁለት ሞላ። አሥራ ስድስት ተኩል። ውሃውን ወደ ቅሉ ስመልሰው አማተቡ። «እንግዲህ የአንድ ጣሳ ልኩ ሁለት ነው ማለት ነው። የአያሌው ቤት አሥራ ስምንት ተኩል ያደርሰዋል። የቀረው የየሻረግ ቤት ነው።» እኔ ከማስላቴ በፊት አስልተውት ነበር።

«ሰውን በምን እናውጣው መሪጌታ? ከላይ ጸበል ይረጫል ብለው ቢጠሩት...» አለች ብርቄ።

«በውሸት አላወጣውም» አሉ መሪጌታ። «ዛሬ በውሸት ካወጣሁት ነገ በእውነት ስጠራው አይመጣም። ሂዱ፣ እውነቱን ንገሩት። ደወሉን እኔ እደውላለሁ።»

ወደ ተረተሩ ስንወርድ ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ደወሉም ተጀመረ። ሰኢድ ደወሉን ሰምቶ ጃንጥላ ይዞ ከቤቱ ወጣ፤ በአጭሩ ስነግረው ፊቱ ተለወጠና ተመልሶ ገባ፤ በላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት ይዞ ተከተለን።

ከሰባቱ ቤቶች መሀል ባለው ሜዳ ሰዉ ደወሉ ለምን እንደተደወለ እየተጠያየቀ ቆሟል። ከሁሉ ፊት ጋሽ አያሌው አለ፤ ድምፁ ከተራራ ተራራ የሚያስተጋባ፣ ቀልደኛ ገበሬ።

«ወይ ስንዱ!» አለ ነገሩን ስናገር። «ቆርቆሮ ማንበቡ አልበቃ ብሎሽ ተራራ ማንበብ ጀመርሽ? ደግሞ ለጣሳ ውሃ? ሚስቴ እኮ አቡክታዋለች። ሊጡን ላምጣልሽ፣ እሱንም ስፈሪው!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

«ሊጡን አልፈልገውም ጋሼ፤ ጣሳ ሙሉ መሆኑን ብቻ ንገረኝ።»

«ጢም ብሎ ነበረ» አለች ሚስቱ ከኋላው፤ እሷ አልሳቀችም።

«እና ትንበያውስ?» አለ አያሌው ወደ ሰኢድ ዞሮ። «አንተ አይደለህ ዝናቡ ይወጣል ብለህ ያነበብክልን? የመንግሥት ወረቀት ነው የሚታመን ወይስ የብርቄ ጣሳ?»

ሰኢድ ላስቲኩን ፈታ። ጃንጥላውን ለብርቄ ሰጣት። «ወላሂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «እስከ መጨረሻው አላነበብኩላችሁም። የማጨጃው ጨዋታ ሲነሣ አጠፍኩት።» ከዚያ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፦ «ሆኖም ዝናቡ ከመውጣቱ በፊት በተራራማ ቦታዎች ላይ ለጥቂት ተከታታይ ቀናት ከባድ ዝናብ ሊጥል ስለሚችል፣ በተዳፋት ሥር የሚኖሩ ነዋሪዎች ጥንቃቄ እንዲያደርጉ።» ወረቀቱን አጠፈው። «እዚሁ ነበረች። ሁለት መስመር።»

አንዲት ሴት ልጇን ከመሬት አነሣች። አያሌው ቀና ብሎ ዳገቱን አየ። ሁላችንም አየን። ዳገቱ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ አረንጓዴ፣ ዝም ያለ፣ ራሱ በጉም የተሸፈነ። ሣሩ መሀል ላሞች አሉ። ያንን አይቶ ቤቴን ጥዬ ልውጣ ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አሁን ሳስበው ይገባኛል።

«እስቲ የየሻረግን ልኪ» አለ አያሌው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሃያ ከሞላ በሬዎቼን እፈታለሁ። ካልሞላ ግን ዓመቱን ሙሉ ስቄብሽ አልጠግብም።»

እማማ የሻረግ ከውስጥ ምድጃው አጠገብ ናቸው። በደጅ ያለውን ሁሉ ሰምተዋል። ከጎናቸው በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ብቅል ተከምሯል። የአለማየሁ ሙት ዓመት ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ጠላው የሚጠመቅበት ብቅል ነው። ጸበሉ በማሰሮ ሆኖ ከፍ ባለው መደብ ላይ ተቀምጧል፤ ያዩታል እንጂ አልጠጡትም፣ አልነኩትም።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ።»

«ዓመት ሙሉ ያልመጣሽ ሰው ዛሬ ውሃ ፍለጋ መጣሽ?»

«እርስዎም አልመጡም።»

«እኔ ወደዚያች ቆርቆሮ አልመጣም። ልጄን በየጠዋቱ እየጠራች ወስዳብኛለች።» ማሰሮውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ይኸንን እሱ ነበር የሚያመጣልኝ። በእጁ። ዘንድሮ ብርቄ አመጣችው። አንቺ ደግሞ ልትሰፍሪው? የልጄን ውሃ በመስታወት?»

«አልወስደውም እማማ። ለክቼ እመልሰዋለሁ።»

«አላስነካሽም። ደግሞም የትም አልሄድም። ይኸ ብቅል የማን መሰለሽ? ጥዬው ብሄድ ይበላሻል። የልጄን ሙት ዓመት በምን ላወጣው ነው? ሞቴም ከሆነ እዚሁ ነው፤ እሱን የወለድኩበት ቤት ነው።»

በበሩ ላይ አያሌው፣ ሰኢድና ብርቄ ቆመዋል። ማንም አልገባም። ከውጭ ዝናቡ በሣር ክዳኑ ላይ ይወርዳል። ምን ልበላቸው? የተቆጡት በእኔ አልነበረም። በዚያ ዓመት ሙሉ እኔም እንደ እሳቸው ነበርኩ፤ እሳቸው ብቅሉን፣ እኔ ቆርቆሮውን ይዘን፣ ሁለታችንም ከአንድ ሰው አንለቅም ብለን ነበር።

የአለማየሁ ደብተር ከነጠላዬ ሥር በቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ስወጣ ከቅጹ ጋር ይዤው ነበር። አወጣሁትና ስለ ሃያው የጻፈውን መስመር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው።

«የእሱ እጅ ነው?» አሉ።

«የእሱ እጅ ነው።»

«አምጪው።» ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አሳለፉ፤ የተጫነውን የእስክሪብቶ ፈለግ ለመዳሰስ ይመስል። ወረቀቱ በእርጥበቱ ተጣብቆ ኖሮ በጣታቸው ሲስቡት ተላቀቀና ተገለበጠ። ከጀርባው ሌላ ጽሑፍ አለ። ያንን ገጽ አይቼው አላውቅም፤ ያሳየኝን እንጂ ሌላውን ለማገላበጥ ዓመቱን ሙሉ አቅም አላገኘሁም ነበር።

«እዚህስ ምን ይላል?»

አነበብኩት። እስከ ዛሬ በቃሌ ነው። «እናቴ ቀድማ ትውጣ። እምቢ ትላለች። እምቢ ካለች እሸከማታለሁ።»



«እሸከማታለሁ አለ?» አሉ እማማ።

«አዎ።»

«ባለጌ!» አሉና፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ ሳቁ። እንባቸው እየወረደ ሳቁ። «እኔን? እኔን ተሸክሞ በሰው ፊት? እግዚኦ፣ ይኸ ልጅ!»

«እኔ አለሁ እማማ፣ እሸከምዎታለሁ» አለ አያሌው ከበሩ።

«ወዲያ! እግር አለኝ። አንተ ብቅሉን ተሸከም።» ከዚያ ማሰሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ለኪ። እሱ ሳይለካ አይሰጠኝም ነበር።»

ለካሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ከአራተኛው በኋላም ጥቂት ተረፈ። ሃያ ሁለት ተኩል አልፏል፤ ያውም ከጠዋት ጀምሮ የሚወርደው ሳይቆጠር። ቁጥሩን ስናገር አያሌው ብቅሉን ከነቅጠሉ በጆንያ ሰብስቦ ትከሻው ላይ ጣለና በዚያ ድምፁ ከሜዳው መሀል ጮኸ፦ «ውጡ! ሞልቷል! ከብት ፍቱ፣ ውጡ!»

እንዴት እንደወጣን በዝርዝር አላስታውስም። ጭቃ፣ የበግ ጩኸት፣ በሰው ጀርባ ላይ ያለ አልጋ፣ የአያሌው ሚስት ቡሃቃውን ከነሊጡ ታቅፋ። ሰኢድ አንዲት አራስ ደግፎ ይዟል። እማማ በከዘራቸው እየተደገፉ ከእኔ ጋር ወጡ፤ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አላዩም። ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ስንደርስ መሪጌታ ደወሉን አቁመው በየቤቱ ስም ሰዉን ቆጠሩ። አንድ አልጎደለም።

ከዚያ ጠበቅን። ምንም አልሆነም። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ አባራ፤ ፀሐይ በጉሙ መሀል ብቅ አለች። ሰዉ ይተያይ ጀመር። አንዳንዱ ወደ እኔ ሰረቅ አድርጎ ያያል። «ድንቼ ከደጅ ነው ያለው» አለ አንዱ። ሌላው ከዘራውን አነሣ። አንድ መስመር ጽሑፍ ይዤ የሰባት ቤት ሰው ከቤቱ ያፈናቀልኩ እብድ ሴት ነኝ አልኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። አያሌው ከብቅሉ ጆንያ ላይ ተቀምጦ «ማንም አይወርድም» አለ። «ሃያ ቢሞላ እፈታለሁ ብያለሁ፤ ሞላ። ፀሐይ የሚጠልቅበትን እናያለን።»

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጀመሪያ ያየችው ብርቄ ናት። «ምንጩን እዩ» አለች። ከሰባቱ ቤቶች በላይ ያለው ምንጭ ቀይ ሆኗል። ከዚያ ደረቀ፤ ዓይናችን እያየ፣ አንድ ሰው በእጁ የያዘው ይመስል ቆመ።

ቀጥሎ ያየሁትን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ባሕር ዛፎቹ መሄድ ጀመሩ። አልወደቁም፣ አልዘመሙም። ቀጥ ብለው እንደቆሙ፣ ተሰልፈው፣ ታቦት እንደሚያጅብ ሰው በቀስታ ወደ ታች ሄዱ። ድምፅ አልነበረም። ግጦሹ ከሥራቸው እንደ ሰሌን እየተጠቀለለ ነበር። ዳገቱ ከላይ እስከ ታች ተላቀቀ፤ ከሥሩ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ሰማያዊ ጭቃ ብልጭ አለ። ከዚያ ነው ድምፁ የመጣው፤ በጆሮ ሳይሆን በእግር። የቆምንበት ጉብታ ተንቀጠቀጠ፤ ደወሉ ማንም ሳይነካው አንድ ጊዜ ጮኸ።

ተራራው በሰባቱ ቤቶች ላይ አለፈ። አላፈረሳቸውም ማለት ይቻላል፤ ሸፈናቸው እንጂ። የእማማ ጣሪያ ለአፍታ እንደ ጀልባ ከፍ አለ፤ ከዚያ አልነበረም። አዲስ የተገለበጠ አፈርና የተቆረጠ ሥር ሽታ እስከ እኛ ወጣ። በጣም ትኩስ ሽታ ነው፤ ዓለም ስትፈጠር እንደዚያ የሸተተች ይመስለኛል።

ሁሉ ነገር ሲቆም ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ። መሪጌታ ጉልበታቸው መሬት ላይ ነው። «ዕፁብ» ብቻ አሉ፤ አልጨረሱትም። ፍርሃት አልነበረም፤ ፍርሃትማ ቀድሞ አልፏል። በዚያ ሁሉ ግዝፈት ፊት ጭቃ ለብሰን፣ በግና ሊጥ ታቅፈን፣ በሕይወት መቆማችን ነበር ያስደነቀን። እጄን የያዘ ሰው እንዳለ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። እማማ ነበሩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የሰባቱ ቤት ሰው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አዲስ ቤት ሠራ። አያሌው ሁለት ላሞቹ ቀርተውበታል፤ ያም ሆኖ እስካሁን ቀልዱን አልተወም። የአለማየሁ ሙት ዓመት በዚያ ብቅል ወጣ። እማማ ከእኔ ጋር መኖር ጀመሩ።

ስለራሴ ግን ይህን እላችኋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት የወጣሁት ባሌን ለማግኘት ነበር። ቁጥሩን የጻፍኩት ለእሱ እንደሚላክ ደብዳቤ ነበር፤ የሚያነበው ስለሌለ ልክ ይሁን ስህተት ይሁን ግድ አልነበረኝም። በዚያ ጠዋት «ግማሽ» ብዬ ልጽፍ የነበረችው እጄን ሳስታውስ ዛሬም እደነግጣለሁ። ውሃውን ያጎደለው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሐዘኔን ያከበረ ጎረቤት ነው። አጥሬን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሐዘን ላይ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ደጃችሁን ስትዘጉ ሰው እናንተን ላለማስቸገር ሲል የሚደብቃችሁ ነገር ይኖራል፤ ምን እንደሆነ አታውቁም። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምለካው ለሞተው ሳይሆን ከተራራው ሥር ላሉት ነው። ሐዘኔ አልቀነሰም። ቦታ ግን አገኘ።

እማማ ወደ ቆርቆሮዋ ለመቅረብ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። አንድ ጠዋት መስመሮቹ ምን እንደሚሉ ጠየቁኝ። እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እያሳየሁ አስተማርኳቸው፤ ከአንድ እስከ አሥር፣ ከዚያ ግማሾቹን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት መስፈሪያዋን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያነቡ ብታዩ!

በቀጣዩ ክረምት ታምሜ ተኛሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ልነሣ ስሞክር ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው እንደሌለ አወቅሁ። ከጓሮው የመዝጊያው ሽቦ ሲፈታ ሰማሁ፤ የውሃ መንቆርቆር፤ ከዚያ ጸጥታ። ጥቂት ቆይቶ እማማ ገቡ። ነጠላቸው ርሷል። መስፈሪያዋን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከአልጋዬ አጠገብ ቆመው፣ ማንም እንዳይሳሳት ቃሉን እየለዩ ነገሩኝ።

«ሦስት ተኩል ነው። ጻፊ።»